የቮልስ ሰልባትዮና ፍሬን በገዛ እጅ፦ ከኪቶቹ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

ለአሮጌ መኪና ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ የሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ማደሻ ኪትን ያህል ብዙ ተስፋ የሚሰጥ የለም፤ የፍሬን ጎሚኒ (ላስቲክ) ጥቅልን ያህል በርካሽነቱ የሚያታልልም የለም። ሁለቱን አብረን የምናያቸው ቮልስ ላይ ሥራው አንድ ቦታ ስለሚገናኝ ነው። ሰልባትዮውም የፍሬን ዘይት ዕቃውም ከፊት ክዳኑ ሥር ናቸው። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይበላል፤ ሲያፈስ የነካውን ቆርቆሮ ልጦ ለዝገት ያመቻቸዋል። ሰልባትዮ አውጥቶ የፍሬኑን ቱቦ ሳያይ የመለሰ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ባለ ሦስት ጠርሙሱ የሰልባትዮ ኪት (ገበያ ላይ በይበልጥ የሚታወቀው ፖር-15 የሚባለው ነው) ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጠርሙሶች ሥራውን ይሠራሉ። ሦስተኛውን፣ ማለትም ሽፋኑን፣ ሰልባትዮው ካልተበሳ በቀር ባይከፍቱት ይሻላል። የጎሚኒ ጥቅሉ ደግሞ የሚገዛው በየጎማው ያለው የፍሬን ሲሊንደር ውስጡ እንደ መስታወት ለስልሶ ከተገኘ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ሙሉ ሲሊንደር መግዛት ይረክሳል። ሁለቱም ላይ ገንዘቡን የሚያስከፍለው ዕቃው ሳይሆን ከዕቃው በፊት ያለው ጽዳት ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። የእሷ እኩዮች ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ብዙዎቹም ከፋብሪካ የወጡበትን ሰልባትዮ ነው የተሸከሙት። እዚህ የምንናገረው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለተሠሩት፣ 40 ሊትር ገደማ ስለሚይዙትና በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ስላላቸው ነው። ፊታቸው ዲስክ የሆኑትን 1500ዎች የፍሬኑ ክፍል በከፊል ብቻ ይመለከታቸዋል።

ከመግዛት በፊት፦ በሽታው የት ነው?

ሰልባትዮ ከውስጥ የሚዝገው በቤንዚን ሳይሆን በአየር ነው። ግማሽ የሆነ ሰልባትዮ ቀን ሲሞቅ አየር ይተፋል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው ይስባል፤ በክረምት የሚስበው አየር እርጥብ ነው። ውኃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይሰምጥና መውጫው ዙሪያ ይተኛል። ለዚህ ነው ዝገቱ ዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚጀምረው፤ ቀዳዳም ቢፈጠር እዚያው ነው። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ነገሩን ያባብሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ድብልቁ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በ5 በመቶ ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ውኃ ይጠጣል፤ ከአቅሙ በላይ ሲጠጣ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከነውኃው ታች ይወርዳል። ቆሞ ለሚከርም ቮልስ ይህ መጥፎ ዜና ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል፣ ቆሞ ትንሽ ሲያርፍ እንደገና ይነሳል። የዝገቱ ቅርፊት በመምጠጡ ኃይል መውጫው ላይ ካለችው ወንፊት ጋር ይጣበቃል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ወድቆ መንገዱን ይለቃል። ሰው ግን ኮንደንሰር ይቀይራል፣ ካርቡራተር ያስፈታል። ነዳጅ ፓምፕም ይገዛል። ከዚያ ሁሉ በፊት ሲታፈን የሰልባትዮውን ክዳን ይክፈቱ። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ከተነሳ ጥፋቱ የተደፈነ መተንፈሻ ነው፤ ኪትም አያስፈልግም፣ ቱቦውን መንፋት ይበቃል። ክዳኑ ተከፍቶም ካልተነሳ፣ ፊልትሮውም ቡናማ ዱቄት ከያዘ፣ ያን ጊዜ ሰልባትዮው ይውረድ።

ማውረዱ ቀላል ነው። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ጋራዥ ውስጥ ወይም ፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ አይሁን፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ይጠራቀማል። ባትሪው ይነቀል። መጀመሪያ ታች ያለውን ጎማ ቱቦ በመቆንጠጫ ያንቁት፣ ከዚያ ይንቀሉና ቤንዚኑን በብረት ጀሪካን ይቀበሉ። ሳያንቁ የነቀለ ሰው በሰልባትዮው ልክ ቤንዚን በክንዱ ላይ ይወርድበታል። የጌጁን ሽቦ ይንቀሉ (ከ1961 (እ.ኤ.አ.) በፊት በተሠሩት ላይ ጌጅ የለም፣ የመጠባበቂያ ቧንቧ ነው ያለው)፤ የመተንፈሻና የመሙያ ቱቦዎቹን ያላቁ፣ አራቱን ብሎኖች በ13 ቁልፍ ይፍቱ። ሰልባትዮው ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከሥሩ የሚገኘውን የመሪ መገጣጠሚያ ላስቲክ ያን ጊዜ ይዩት፤ ሌላ ቀን ለማየት ይህን ሁሉ እንደገና መፍታት ነው።

አሁን በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይዩ። ቆርቆሮው ላይ ቡናማ ጥላ ብቻ ካለ ጽዳት ይበቃዋል። ጣት ሲነካው የሚፈረፈር ቅርፊት ካለ ጽዳቱ ይከብዳል፣ ግን ይድናል። ሌላው ዓይነት ቀለም ቀለም የሚሸት፣ እንደ ማር የሚያጣብቅ ቢጫ ንብርብር ነው፤ ይህ ዝገት ሳይሆን የከረመ ቤንዚን ነው። አሲድ አይነካውም፤ አሴቶን ወይም ቲነር ይፈልጋል። ከውጭ ደግሞ ታችኛውን ገጽ በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉና ጨለማ ውስጥ መብራት ከውስጥ አብርተው ይዩ። የመርፌ ዓይን የሚያህል ብርሃን ከታየ፣ ሦስተኛው ጠርሙስ የተሠራው ለእሱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንበል። የተበሳ ሰልባትዮ ወደ በያጅ አይሄድም። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይበልጣል አደጋው፤ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ የሚሆን የቤንዚን ትነት ያለበት አየር በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል፣ ለዚያ ደግሞ ቆርቆሮው መጋጠሚያ ውስጥ የቀረው ጠብታ ይበቃል። «አጥቤዋለሁ» ማለት ዋስትና አይደለም።

አንደኛውና ሁለተኛው ጠርሙስ

አንደኛው ቅባት ማጠቢያ ነው። ከሞቀ ውኃ ጋር እኩል ለእኩል ተደባልቆ ይገባል። ሰልባትዮው ስድስት ገጽ እንዳለው ሣጥን ይታሰብ፤ በየገጹ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስተኙት፣ በመካከሉ ይናጡት። ቅርፊት ካለ አብሮ የሚናጥ ነገር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ጠጠር ይጨምራል፣ አንዳንዱ ብሎን፤ ሁለቱም መጨረሻ ላይ አንድ የማይወጣ ይተርፋቸዋል። ከሁለቱም የሚሻለው አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጭን ሰንሰለት ነው፤ ጫፉን በሽቦ ከመሙያው ላይ ካሰሩት እንደገባ ይወጣል። ብሎን ካስገቡ ግን ቆጥረው ያስገቡ፣ ቆጥረው ያውጡ።

የዚህ ጠርሙስ ሥራ በዓይን ይለካል። ንጹሕ ውኃ ያፍስሱና በመብራት ይዩ። ውኃው ቆርቆሮው ላይ እንደ ጨርቅ ከተዘረጋ ቅባቱ ለቋል። እንደ ጤዛ ተሰብስቦ ከተንከባለለ አለቀቀም፤ ይደገም። ኪቱ «አልሠራም» ከሚባልባቸው ቀናት አብዛኛዎቹ እዚህ ላይ የተበላሹ ናቸው፤ አሲዱ በቅባት ላይ ተንሸራቶ አለፈ ማለት ነው። በእውነት ለመናገር ለዚህ ደረጃ የግድ የኪቱ ጠርሙስ አያስፈልግም። ሙቅ ውኃና ኦሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል፤ ክንድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛው ጠርሙስ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ነው፤ ኪቱን ኪት ያሰኘውም እሱ ነው። ዝገቱን በልቶ ቆርቆሮው ላይ ግራጫ፣ ዳሰስ ሲያደርጉት ሸካራ የሆነ የፎስፌት ልባስ ይተዋል። ይህ ልባስ ሽፋን የሚይዝበት ጥርስ ነው፤ ሽፋን ባይደረግም ዝገትን ለተወሰነ ጊዜ ያዘገየዋል። ስሕተቱ ማድረቅ ነው። አሲዱ በየገጹ ሳይደርቅ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲቆይ ሰልባትዮው ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ። ከደረቀ የሚያጣብቅ ነጭ ቅሪት ይሆናል፤ እንደዚያ ሲሆን እንደገና አሲዱን አርጥቦ ወዲያው በውኃ ማጠብ ነው። ጓንትና መነጽር ይደረግ።

ኪቱ ካልተገኘስ? ሲትሪክ አሲድ የሚባለው የምግብ ዱቄት ከሁሉ ይቀርበዋል። በሊትር ሞቅ ያለ ውኃ ከ50 እስከ 100 ግራም ይበጠበጣል፤ ሰልባትዮውን ሙሉ ለመሙላት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይሄዳል። 10 ሊትር ብቻ በጥብጦ በየጥቂት ሰዓቱ ማገላበጥም ይቻላል። ከአንድ ሌሊት በኋላ ውኃው ጠቁሮ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፤ ዝገቱ እየሟሟ ነው። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ቀስ ይላል፤ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። መጸዳጃ ቤት ማጠቢያ የሚሸጠው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን አይሞከር። ዝገቱን በደቂቃዎች ያነሳል፣ እውነት ነው፤ ከዝገቱ ጋር ደህናውን ቆርቆሮ ይበላል፣ መጋጠሚያው ውስጥ የቀረውም ከሳምንታት በኋላ ከውስጥ እየበሳ ይወጣል።

ሲትሪክም ሆነ አቼቶ ልባስ አይተውም። የታጠበ ቆርቆሮ ዓይንዎ እያየ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካናማ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ፈጣን ይሁን፦ አሲዱን ደፍቶ ጥቂት ማንኪያ ቢካርቦኔት በተቀላቀለበት ውኃ ማጠብ፣ በንጹሕ ውኃ መድገም፣ ወዲያው አንድ ሊትር አልኮል ጨምሮ መናጥና መድፋት። አልኮሉ በየጥጉ የቀረውን ውኃ ይዞ ይወጣል። ከዚያ አየር ይነፋበት። ደርቆ እንዳበቃ ግማሽ ሊትር ቤንዚን ከ20 ሚሊ ሊትር ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ጋር ቀላቅሎ ውስጡን ሁሉ ማዳረስ። አልተበሳም? እንግዲያው ሥራው አብቅቷል። አዲስ ወንፊት፣ አዲስ የጌጅ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ቱቦ፤ ይመለስና ሙሉ ተደርጎ ይሞላ። ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን አይቀባ፤ ቤንዚን ሲነካው እንደ ሙልሙል ያብጥና ቁራጩ ወደ ወንፊቱ ይወርዳል።

ሦስተኛው ጠርሙስ

ሽፋኑ ብርማ ቀለም ያለው፣ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ የሚጠነክር ዓይነት ነው። ሲጠነክር በእውነት ጠንካራ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳዎችን ይደፍናል፣ በደንብ ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። በድሮ ጊዜ ይሸጥ ከነበረው ወተት መሳይ ነጭ ሽፋን ጋር አይወዳደርም፤ ያኛው አልኮል ያለበት ቤንዚን ሲነካው እንደ ተላጠ ቆዳ ይነሳል።

ችግሩ አንድ ዕድል ብቻ መስጠቱ ነው። ሰልባትዮው ውስጥ ጠብታ ውኃ ካለ እዚያ ላይ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ አይዝም። «ደርቋል» ሲባል ደርቋል ማለት አይደለም፤ የቆርቆሮው መጋጠሚያ ከጠርዙ ውኃ እየለቀቀ ይቆያል። ነጭ ሶፍት በሽቦ ጫፍ ጠቅልለው መጋጠሚያውን ዙሪያውን ይሂዱበት፤ ከረጠበ ገና ነው። ፀጉር ማድረቂያ ለሁለት ሰዓት ያህል ይነፋ፣ ግን የቤንዚን ሽታ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ብቻ፤ ውስጡ የጋለ ሽቦ ነውና። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ሥራ አይጀምሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ለዚህ የተሠሩ ወራት ናቸው።

ከመጨመሩ በፊት ወንፊቷ ትውጣ፤ ሽፋን የነካት ወንፊት አትመለስም። ጥርሶቹ ላይ ቫዝሊን ይቀባ። ታችኛው መውጫና ጌጁ ቀዳዳ በቴፕ ይዘጉ። ጠርሙሱ ቀስ ብሎ ይነቃነቅ፣ አይናጥ፤ አረፋ ይይዛል። አንድ ጊዜ ተጨምሮ ሰልባትዮው በየገጹ እየተገላበጠ እንደ ድስት ይዙር፣ ከዚያ ትርፉ ይደፋ። ይህ መድፋት የሚናቅ አይደለም፦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ በጥጉ በኩል አዘንብሎ። ታች ኩሬ ሆኖ የቀረ ሽፋን ላዩ ብቻ ይደርቅና ሆዱ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ቤንዚን ሲገባ ያ ቦታ ነው መጀመሪያ የሚነሳው። መውጫውና መተንፈሻው ገና እርጥብ ሳሉ በአየር ይነፉ፤ ከደረቀ በመሰርሰሪያ ነው የሚከፈቱት። ከዚያ 96 ሰዓት። ሦስት ቀን አይደለም፣ አራት ሙሉ ቀን። እጅ ከነካ ከመድረቁ በፊት ነው የሚታጠበው፤ ከደረቀ ቆዳው ራሱ እስኪያድስ ይጠብቁታል። የተረፈውን ጠርሙስ ሲዘጉ ክዳኑና አፉ መካከል ፕላስቲክ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ሁለተኛ አይከፈትም።

እንግዲህ ያልተበሳ ሰልባትዮን ለምን አንሸፍነውም? ሽፋን የለቀቀ ቀን ከዝገት ይከፋልና። ዝገት በአሲድ ይወጣል፤ ግማሹ የለቀቀ ግማሹ የያዘ ሽፋን ግን ለማውጣት ኃይለኛ ኬሚካልና ብዙ ቀን ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ሰልባትዮ በመጣል ያልቃል። መጋጠሚያው የተበላና ቀዳዳው ከጥቁር አዝሙድ ፍሬ የሚበልጥ ሰልባትዮም ለሽፋን አልፏል፤ ሶማሌ ተራ ደህና ሰልባትዮ መፈለግ ያዋጣል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «በሻንጣ ይዤልህ ልምጣ» ቢል፣ ሽፋኑ ተቀጣጣይ አሲዱም የሚበላ ነው፤ አየር መንገድ በሻንጣ አይቀበልም። ጎሚኒ፣ ቱቦና ሲሊንደር ቢያመጣ ግን ምስጋናው የበዛ ነው። የቤንዚን ቱቦ ላይ ኤስኤኢ 30አር9 የሚል ጽሑፍ ይፈለግ፤ ኢታኖል ይችላል። ውጪው በጨርቅ የተጎነጎነው ያማረው ኦሪጂናል ዓይነት ስንጥቁን ደብቆ የሚይዝ ስለሆነ፣ እሱን የሚመርጥ ሰው በየጊዜው እያጠፈ ይየው።

የፍሬን ጎሚኒ ጥቅል

ጥቅሉ ውስጥ ያለው ትንሽ ነው፦ ጽዋ መሳይ ጎሚኒዎች፣ አቧራ መከላከያ ላስቲክ፣ አንዳንዴ ሞላ። መጠኑ ካልገጠመ ገንዘብ መጣል ነው፤ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተሠሩት ለአብዛኞቹ ባለ ታምቡር ቮልሶች የፊቱ ሲሊንደር 22.2 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው 17.46 ነው። ከዚያ በፊት ላሉት እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ወይም በካሊፐር ለክቶ መግዛት ነው። ማስተሩም (ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የፍሬን ሲሊንደር) ሁለት ዓይነት ነው፤ የቀድሞው ባለ አንድ መስመር፣ የኋላው ባለ ሁለት መስመር፤ አንዱ ሲያፈስ ሌላው እንዲይዝ። ባለ አንዱን የያዘ ሰው ጎሚኒ ላይ መቆጠብ የለበትም፤ አንዲት ጎሚኒ ስትቀደድ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል።

ታምቡሩን ለማውጣት የኋላው 36 ዳዶ ይፈታል። ክሪክ ላይ ከመነሳቱ በፊት፣ ጎማው መሬት ላይ ሳለ ይፈታ፤ ሲመለስም ቢያንስ 300 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠበቅ፤ የመቆለፊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ይጠበቅ እንጂ ወደ ኋላ አይላላ። ላልቶ የተነዳ ታምቡር ጥርሱን ይበላል። ውስጥ ያለው ዱቄት በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ በድሮ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ አለ። በውኃ አርጥቦ መጥረግ ይበቃል። ሸራው ከ2.5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ይቀየር። የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ በቤንዚን ቢታጠብም በእሳት ቢደርቅም አይመለስም፤ ሲሞቅ የጠጣውን ያላበዋል። የዘይት ማገጃውም አብሮ ይቀየር።

ሲሊንደሩን ከከፈቱ በኋላ ውስጡን በአልኮል ጠርገው ጥፍርዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጎትቱበት። ጥፍር ካልያዘው ጎሚኒ ይግዙ። ጉድጓድ ከያዘው ምንም ያህል ቢፋቅ ከጥቂት ወራት በኋላ ያፈሳል፤ ፋቂው ሲያሰፋውም አዲሱ ጎሚኒ በትክክል አይዝም። ያን ጊዜ ሙሉ ሲሊንደር ነው፤ የፋብሪካው አቅራቢ የነበረው አቴ ዛሬም ይገኛል። ዋጋው ከጎሚኒው ይበልጣል፤ ሁለት ጊዜ ከመፍታት ግን አይበልጥም።

ጎሚኒ ማጠብ የሚቻለው በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ብቻ ነው። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የሞተር ዘይት፣ የመሪ ሰርቮ ዘይት የነካው ጎሚኒ ያብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ፍሬን ይይዛል፣ አይለቅም። ሰው ተሳስቶ በፍሬኑ ዕቃ ውስጥ ሌላ ዘይት ከጨመረ መፍትሔው ማጠብ አይደለም፦ ያለውን ላስቲክ ሁሉ፣ ቱቦዎቹን ጨምሮ፣ መለወጥ ነው።

ስለ ዘይቱ አጭሩ ነገር፦ ዶት 4 ይግዙ። ዶት 3 ደረቅ ሳለ በ205 ዲግሪ፣ 3.7 በመቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ በ140 ይፈላል፤ ዶት 4 በ230ና በ155። ይህ የወረቀት ልዩነት አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይወርዳል። ሁለቱ ዓይነት ይቀላቀላሉ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም። ቀለም አለመብላቱ ለሙዚየም መኪና ጥሩ ነው፤ ውኃ ስለማይጠጣ ግን የገባው ውኃ ታች ተሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ያዝጋል። ዶት 5.1 የሚለው ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ከዶት 4 ወገን ነው። ከአንድ ሊትር ጠርሙስ ሁለት ግማሽ ሊትር ይሻላል፤ የተከፈተ ጠርሙስ ከአየር ውኃ ሲጠጣ ይከርማልና። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር።

አየር ሲወጣ ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀመራል፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ማስወጫው ብዙውን ጊዜ 7 ቁልፍ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ከመፈታቱ አንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ይጠጣ። አሮጌ ማስተር ያለው መኪና ላይ ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለል እንዳይረግጥ፣ ሥሩ ቁራጭ እንጨት ይደረግ። ጎሚኒው ለዓመታት ያልሄደበት የሲሊንደሩ ጫፍ ዝጎ ይጠብቀዋል፤ አንድ ሙሉ ርግጫ ከንፈሩን ይቀደዋል። «አየር ካስወጣሁ በኋላ ማስተሩ ሞተ» የሚባለው ከዚህ ነው። ለብቻ ለሚሠራ የሚሸጠው በእጅ የሚሳብ ፓምፕ ይሠራል፣ ግን በማስወጫው ጥርስ በኩል አየር እየሳበ ያልጠፋ አረፋ ስለሚያሳይ ሰውን ያደክማል። ረዳትና አንድ ጠርሙስ ይበልጡታል።

ሸራው ሲስተካከል የጥርስ መዘውሩ በካቻቢቴ ጎማው እስኪያዝ ይጠበቅ፣ ፔዳሉ አንዴ ይረገጥ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ ይላላ። የእጅ ፍሬን ገመድ ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይነካም። ፔዳሉን ከማስተሩ የሚያገናኘው ዘንግም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈልጋል፤ ክፍተት ካጣ ዘይቱ ወደ ዕቃው የሚመለስበት ቀዳዳ ተዘግቶ ይቀራል፣ ሲሞቅም ፍሬኑ በራሱ ይይዛል።

አንድ ጎማ ብቻ ከያዘ ማስተሩን ከመውቀስ በፊት የዚያን ጎማ ማስወጫ ትንሽ ይክፈቱ። ዘይት ፈንጥቆ ጎማው ከለቀቀ ግፊቱ ታግቷል። ይዝጉት፣ እንደገና ያስይዙት፣ አሁን የብረቱን ቱቦ ከላስቲኩ በፊት በ11 ቁልፍ ያላሉት። በዚህ ከለቀቀ ችግሩ ከማስተሩ በኩል ነው፤ ካልለቀቀ ላስቲክ ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ወደፊት እያሳለፈ ወደ ኋላ ይከለክላል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል። አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሯቸው።

መኪናው ከመውጣቱ በፊት ፔዳሉን በኃይል ረግጠው አንድ ደቂቃ ይያዙ። ቀስ ብሎ ከሰመጠና በየጎማው ሥር እርጥበት ከሌለ ማስተሩ ውስጥ ለውስጥ እየለቀቀ ነው። ካልሰመጠ ግቢ ውስጥ በዝግታ ይሞክሩት፣ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ታምቡር ሳይነኩ ያቅርቡ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥለው ተጠብቋል። የነዳጅ ፊልትሮው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ይቀየር፤ የቀረው ዱቄት የሚወርደው በእነዚያ ቀናት ነው። አዲሱን ግን ሞተር ክፍል ውስጥ አይስቀሉት፣ ከመኪናው ሥር ካምቢዮው አጠገብ ይሁን፤ እላይ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ፊልትሮ ቱቦው ከለቀቀ ቤንዚኑን የሚያፈሰው የጋለ ሞተር ላይ ነው።